ያለፈ፣ ያላለፈ

የደወለችልኝ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 9 ቀን ይመስለኛል። ነው ብዬ ግን አልምልም። ባለቤቴ ሳባ «መስቀል ገና አልደረሰም ነበር፤ ቤቱን ቀለም ስናስቀባ ነው የነገርከኝ» ትላለች። እኔ አቧራ ትዝ ይለኛል፤ በመስከረም ደግሞ ሆሳዕና ጭቃ እንጂ አቧራ የላትም። ያን ጊዜ የያዝኩት ስልክ ስለተሰረቀ ገብቼ የማይበት ቦታ የለም። መስከረምም ይሁን ጥቅምት፣ ከመናኸሪያ ወደማስተምርበት ኮሌጅ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር ያነሣሁት። ንግግራችን አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ዮሴፍ፣ አንድ ቃል ስጠኝ» አለች አየለች።

«የምን ቃል?»

«ፍሪጁ ላይ የምለጥፈው። እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ነበር የምጽፈው፤ አሁን ሁሉም ነገር በአማርኛ ይሁን ተባለ። ተመርምሮ በሽታ ያልተገኘበት፣ ለሰው ሊሰጥ የሚችል ደም። በአጭሩ ምን ልበለው? ወረቀቷ ጠባብ ናት።»

«ፈተናውን አለፈ ማለት አይደል? ‹ያለፈ› በይዋ።»

«ሌላውስ?»

«‹ያላለፈ› ነዋ!»

ሳቀች። «ለዚህ ነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የላኩህ?» አለችና ዘጋችው። እኔም ለባጃጁ ሾፌር «እዚህ ጋ ወራጅ» አልኩና ወርጄ ክፍል ገባሁ። ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

አየለች የዳምቦያ ልጅ ናት። አባቷ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሩ ነበር፤ እናቷ ዛሬም በሕይወት አሉ። ዱራሜ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ኬሚስትሪውን እኔ ከእሷ እቀዳለሁ፤ የአማርኛ ድርሰቷን ደግሞ እኔ አርምላታለሁ። ሁለታችንም አማርኛን ትምህርት ቤት ገብተን ነው የለመድነው፤ ቤታችን የሚነገረው ከምባትኛ ነበር። እኔ አማርኛን ወደድኩት፣ እንጀራዬም ሆነ። እሷ ግን እንደ ተዋሰችው ጫማ ትጠነቀቅለታለች። አንድ ነገር በአማርኛ ጽፋ ለሰው ከማሳየቷ በፊት ለእኔ ማሳየት ልማዷ ነው። ያን ቀን የደወለችውም በዚያው ልማድ ነው።

ቁጡ ናት። አሥረኛ ክፍል ሳለን የኬሚስትሪ መምህራችን የፈተና ወረቀቷ ጠፋ ብሎ ዜሮ ሰጣት። ከትምህርት ቤት ወጥታ በቀጥታ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ «ነገ ነይ» ብትላት ከበሩ አልነቃነቅም አለች። በመጨረሻ ወረቀቱ እዚያው ቤት ተገኘ፤ የመምህሩ ትንሽ ልጅ ደብተሩን ሸፍኖበታል። ዘጠና ስምንት። ወረቀቱን ከደብተሩ ላይ ገፍፋ ስትወስድ ልጁ አለቀሰ፣ እሷም አብራው አለቀሰች፤ ግን ወሰደችው።

ደም ምርመራ ውስጥ የገባችው በአጎቷ በጴጥሮስ ምክንያት ነው። ጴጥሮስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በልጅነታችን አዲሎ አጠገብ መኪናው ተገልብጦበት ብዙ ደም ፈሰሰው፤ በዚያ ዘመን እንደሚደረገው ከተገኘው ሰው ደም ተቀድቶ ተሰጠው። ማንም አልመረመረውም። ዳነ፤ አገር ምድሩ ደስ አለው። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ደም በገባበት ኤች አይ ቪ መንምኖ ሞተ። ለቀስተኛው በሹክሹክታ የሚያወራው ስለ ሾፌርነቱ፣ ስላደረባቸው ከተሞችና በየከተማው ስለነበሩት ሴቶች ነበር። አየለች ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ድንኳኑ መካከል ቆማ «ደሙ ነው! የሰጡት ደም ነው!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ «ኀዘን ነው፣ ይቅር በሏት» እያሉ እጇን ይዘው አወጧት። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ተነሥቼ አብሬያት አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪ ተማረች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሥራዋ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ደም ይለግሳል፤ ከእያንዳንዱ ከረጢት ጥቂት ናሙና ወስዳ አራት ነገር ትፈልግበታለች፤ ኤች አይ ቪ፣ ሁለቱን የጉበት ቫይረሶች፣ ቂጥኝ። ውጤቱ እስኪታወቅ ከረጢቱ አይነካም። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢገኝበት ይቃጠላል፣ ለጋሹም ለብቻው ተጠርቶ ይነገረዋል። ምንም ያልተገኘበት ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ደም የሚፈሳትን እናት ወይም መኪና የገጨውን ሰው ይጠብቃል፤ ከሠላሳ አምስት ቀን በላይ ግን አይቆይም።

የምትሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ከሆሳዕና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እዚያ ሁለት የደም ፍሪጅ ነበረ፤ አንዱ የተመረመረው፣ አንዱ ገና ያልተመረመረውና በሽታ የተገኘበት የሚቀመጥበት። ሁለተኛው ከተበላሸ ሦስት ዓመት አልፎታል። እንዲጠገን ሦስት ጊዜ ጻፈች። ለአንዱ ደብዳቤ ብቻ መልስ መጣ፤ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ይላል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ፍሪጅ ውስጥ፣ በላይኛውና በታችኛው መደርደሪያ ለየችው። በላይኛው ላይ በሰማያዊ «ያለፈ»፣ በታችኛው ላይ በቀይ «ያላለፈ» ብላ ለጠፈች። ቁልፍ ጠየቀች፤ ቁልፉን የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ዕንባቆም እንዲይዙት ተወሰነ። ፍሪጁ ተቆልፎ አያውቅም።

ባለፈው ሰኔ፣ ረቡዕ ቀን፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጁስ ቤት ደውላ «ና» አለችኝ። ሄድኩ። ፊት ለፊቷ የላስቲክ ፋይል አለ፤ ያዘዘችው የአቮካዶ ጁስ ሳይነካ ጠቁሯል። ከስታለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ» አለች። «ግን መጀመሪያ ሁሉንም ትሰማለህ። ሳታቋርጠኝ።»

በግንቦት አጋማሽ ላይ ከክልል ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። አቶ ዕንባቆም ስብሰባ ጠርተው «ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሁሉ ከግቢው ይጥፋ» አሉ። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሦስት ሰው። ከሦስቱ አንዱም የጤና ባለሙያ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት፣ አየለች እናቷን ልትጠይቅ ዳምቦያ በሄደችበት ቀን፣ ኮሚቴው ከክፍል ክፍል ዞረ። የተሰባበረ ወንበር አወጡ፤ ያረጁ የመድኃኒት ካርቶኖች አወጡ። ደም ክፍል ገብተው ፍሪጁን ከፈቱ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ያለፈ»።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከፋይሉ አውጥታ በሰጠችኝ ቃለ ጉባኤ ላይ አነበብኩት። ሦስት ፊርማ፣ አንድ ክብ ማኅተም አለበት። «በፍሪጁ ውስጥ የተገኘ ጊዜው ያለፈበት ደም 11 (አሥራ አንድ) ከረጢት በማቃጠያ እንዲወገድ የተደረገ ሲሆን፣ ጊዜው ያላለፈበት 4 (አራት) ከረጢት ግን ለአገልግሎት እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።  አሥራ አንዱ ንጹሕ ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ገና አልተመረመሩም፤ ሁለቱ በሽታ የተገኘባቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀኑና ቁጥሩ ተለጥፎ ነበር። ያንን ማንም አላነበበም። የተነበበው የመደርደሪያው ወረቀት ብቻ ነው፤ በሙሉ ድምፅ።

ሰኞ ጠዋት ስትገባ በሩ ላይ ጥበቃው ጁነዲን አገኛት። ቅዳሜ ዕለት ከረጢቶቹን በዘንቢል አድርጎ ወደ ማቃጠያው የተሸከመው እሱ ነው።

«ሲስተር፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ፍሪጅሽን አጸዳንልሽ።»

«ሲስተር አይደለሁም፣ ስንቴ ልንገርህ? የቱን ፍሪጅ?»

«የደሙን ነዋ! ያለፈውን ሁሉ አቃጠልነው። አትስጊ፣ ያላለፈውን አልነካንም።»

ሮጣ ገባች። ላይኛው መደርደሪያ ተወልውሏል። ታችኛው ላይ አራት መሆን የነበረበት ሦስት ሆኗል። የጎደለው ቁጥር 63 ነው፤ የጉበት ቫይረስ የተገኘበት። መዝገቡ ላይ በቀይ ከስር ያሰመረችበት።

ወደ ማዋለጃው ክፍል እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። አልጋው ላይ ያለችው ሐዳሳ የምትባል የዳምቦያ ገጠር ሴት ናት። ሌሊቱን ቤቷ ወልዳ፣ ልጅቷ ደህና ሆና፣ የእናትየው ደም አልቆም ብሎ ሲነጋ በሰው ሸክምና በባጃጅ ደርሳለች። ባሏ ተገኘ ከእግሯ በኩል ቆሟል፤ ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው፣ አየለች በመልክ ታውቀዋለች። ነርሷ ሲስተር ኤደን ከረጢቱን ሰቅላ፣ መርፌውን ከሐዳሳ ክንድ አስገብታ፣ ደሙ በቱቦው እየወረደ ነበር። ክንዷ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየለች ቱቦውን ቆልፋ ነቀለችው።

«ምን ሆነሻል?» ጮኸች ኤደን። «ልትሞትብን ነው እኮ!»

«ይሄ ያላለፈ ነው!»

«እኮ! ያላለፈ ስለሆነ አይደል ያመጣሁት!»

አየለች ይህን ስትነግረኝ ጁስ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ድምጿን አልቀነሰችም።

«ኤደንን ልቆጣት አልቻልኩም» አለች። «ቅዳሜ ነግረዋታል። ‹ያለፈውን አስወግደናል፣ የቀረው የሚሠራ ነው› ብለዋታል። ግሩፑን አየች፣ ኦ ነው፣ ይገጥማል። ሴትዮዋ እየሞተች ነው። እኔን እስክታገኝ ትጠብቅ? ግን ዮሴፍ፣ ተገኘ ያየው ምንድነው? አስበው። ሚስቱ ክንድ ላይ ደም ተሰክቷል። አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ ነቀለችው። በቃ፣ እሱ ያየው ይኸው ነው።»

ከዚያ ስልክ ጀመረች። ሆሳዕና ደወለች፤ ደም አለ ተባለ፣ መኪና ተነሣ፣ መንገዱ ግን መንገድ ነው። የባልየውን የተገኘን የደም ዓይነት አየች፤ ኤ ነው፣ ለሐዳሳ አይሆንም። የሐዳሳ ወንድም ቢ ነው። ከዚያ ኤፍሬም ትዝ አላት። ኤፍሬም ባጃጅ ነጂ ነው፣ ኦ ነው፣ በየሦስት ወሩ ሳይጠራ መጥቶ የሚሰጥ ሰው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰጥቷል። ያም ሆኖ ደወለችለት፤ ከጓደኞቹ መሀል ኦ የሆነ ካለ እንዲያመጣላት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻውን መጣ።

«አየሉ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ሰው?» አለ እየሳቀ። «የኔ አለ አይደል እንዴ? ባለፈው ስሰጥ ‹ይሄ ለክፉ ቀን ነው፣ አስቀምጥልሃለሁ› አላልሽኝም?»

 የኤፍሬም ከረጢት ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከፊት ነበር። አቃጥለውታል።

ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወ። እጅጌውን ሰበሰበ። «እሺ ቅጂኝ» አለ።

«ሦስት ሳምንትህ ነው። አይቻልም።»

«አንቺ ቅጂኝ አልኩሽ! ከወደቅኩ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምወድቀው።»

ከጣቱ ወስዳ የደሙን መጠን ለካች፤ ከሚፈቀደው በትንሹ ያንሳል። ዶክተሩን ጠየቀች፤ «ግማሽ ውሰጂ» አላት። ግማሽ ከረጢት ወሰደች። ናሙናውን ለይታ የፈጣኑን ምርመራ ኪቶች ደረደረች። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ። ይህን ስትነግረኝ ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለት ጊዜ መታችው። አልመርምረው ብላ ማሰቧን ነገረችኝ። ኤፍሬምን ታውቀዋለች፣ አሥራ አራት ጊዜ መርምራዋለች። ግን አጎቷ ጴጥሮስም የተሰጠው ሁሉም ከሚያውቁት ሰው የተቀዳ ደም ነበር። ስለዚህ ሰዓቷን አስቀምጣ ቆመች።

አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሲስተር ኤደን በሩ ላይ መጣች። ጓንቷን አላወለቀችም።

«አልፋለች» አለች።

አየለች «ምን?» ብላ ጠየቀች። ቃሉን ሰምታዋለች፤ ግን ለአንድ አፍታ ስለ ደሙ የምትናገር መስሏት ነበር። አራቱ ኪቶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ሦስት ደቂቃ ቆይታ አየቻቸው፤ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ።

  አየለች ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስብሰባ ነው። አቶ ዕንባቆም ጠረጴዛቸው ላይ ሁለቱን የመደርደሪያ ወረቀቶች አስቀምጠዋል፤ ከፍሪጁ ተላጥተው ማስረጃ ሆነዋል።

«ይሄ ያንቺ ጽሕፈት ነው?» አሏት።

«ነው።»

«‹ያለፈ› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምርመራ ያለፈ።»

«የኔ እመቤት፣ ያለፈ ማለት ጊዜው ያለፈ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

«ያ ‹ያለፈበት› ነው፤ ይሄ ‹ያለፈ› ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ራሳችሁ ‹በት› ጨምራችሁበታል። ከየት አመጣችሁት?»

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ለምን ጨመራችሁት?»

ፀሐፊዋ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ስትል አቶ ዕንባቆም ተናደዱ። «ችግሩ አማርኛሽ ነው!» አሉ። «አማርኛን ትምህርት ቤት ገብተሽ የለመድሽ ሰው መለጠፍ ሲያምርሽ ሰው ትጠይቂያለሽ!»

አየለች ለሰውየው ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትላቸው። ያን ጊዜ ግን አፏ ላይ የመጣው ሌላ ነው። «አንተስ የት ነው የለመድከው፣ ጎንደር? እናትህ ሌሞ ገበያ ላይ በሃዲይኛ ስትጣራ ሰምቼ የለም ወይ?»

በዚህ አንድ ንግግር ምክንያት ተጨማሪ ክስ ተጻፈባት፤ «አለቃን ማንቋሸሽ»።

ሳልወድ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«አሁን ይህን ፈርሚ ይሉኛል» አለችና የመጨረሻውን ወረቀት ገፋችልኝ። ማስጠንቀቂያ ነው። «ግልጽ ያልሆነ የአማርኛ ቃል በመጠቀምሽ በንብረት ላይ ጉዳት እንዲደርስ ምክንያት ሆነሻል» ይላል። በንብረት ላይ! ሐዳሳ የምትባል ሴት በገጹ ላይ የለችም። ከታች አንድ አንቀጽ አለ፤ ጉዳዩን ለሟች ቤተሰብም ሆነ ለሦስተኛ ወገን ከገለጸች ከሥራ እንደምትሰናበት። ለቤተሰቡ በይፋ የተነገረው «ደም አልነበረም» የሚለው ብቻ ነው። የኮሚቴው ሦስት አባላት ግቢውን ስላጸዱ ከጎብኚዎቹ ምስጋና ተቀብለዋል። ጊዜ ባገኙ ቁጥር በአደባባይ ስለ እናቶች ሞት የሚናገሩ ሰዎች፣ አንዲት እናት አመድ ባደረጉት ደም ምክንያት ሞታ ሳለ፣ የሚከራከሩት ስለ አንድ ቃል ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ጥርሴ ይፋጫል።

«ከፈረምኩ እሠራለሁ» አለች። «ካልፈረምኩ ዲሲፕሊን ነው። ለተገኘ ከነገርኩ ደግሞ ወጣሁ ማለት ነው። ዳምቦያ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ‹ደሙን ለዘመዷ ልትሰጥ ከሚስቱ ክንድ ነቀለችው› ይላሉ። እናቴ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ብቻዋን፣ በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ።»

«ስለዚህ አንፈርምም» አልኩ። «መቃወሚያ እንጽፋለን። ስጪኝ ወረቀት።»

ጻፍኩ። በምወደው አማርኛ፣ የምችለውን ያህል አሳምሬ ጻፍኩ። «ቃሉ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ቢሆንም፣ የኮሚቴው አባላት ሙያተኛ ሳያማክሩ…» እያልኩ ሄድኩ። ስጨርስ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«እሺ፣ እንገልብጠው?»

«ቆንጆ ነው አልኩህ እንጂ እልከዋለሁ አላልኩህም። ‹ቃሉ ሁለት ትርጉም ቢሰጥም›? እነሱ የሚሉትን ነው እኮ አስውበህ የጻፍክላቸው! ቃሉ አይደለም የገደላት! ስልክ አለኝ። ‹አየለች፣ ይሄ ምንድነው?› ቢሉኝ በሦስት ሰከንድ እነግራቸው ነበር። ፍሪጅ ሙሉ የሰው ደም ሲያቃጥሉ፣ ባለቤቱን አንጠይቅ ያሉ ሰዎች ናቸው የገደሏት። መዝገቤ ላይ አሥራ አንድ ሰው አለ። ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። አንዷ ጵርስቅላ ትባላለች፤ መርፌ ስለምትፈራ ዓይኗን ጨፍና ነው የሰጠችው። እሷን ‹በንብረት ላይ ጉዳት› ልበላት?»

 ዓይኗን ለመሸሽ ፋይሉን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከማስጠንቀቂያው ሥር የምርመራ ቃሏ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ጥያቄና መልስ ነው። አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ቃሉን በራስሽ ነው የመረጥሽው ወይስ ያማከርሽው ሰው አለ?» መልስ፦ «በራሴ ነው። ማንንም አላማከርኩም።»

ባጃጁ ትዝ አለኝ። አቧራው። «‹ያለፈ› በይዋ» ያልኩበት የራሴ ድምፅ፣ የሳቋ ድምፅ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ቃል እዚያ ፍሪጅ ላይ እንዳለ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ እኔን አታይም፤ የምታየው በመስታወቱ ውጭ መናኸሪያውን ነው። ረስታው ነው? ወይስ ስሜን እያወቀች ዋጠችው? ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ያየኋት ያቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት ለፊቴ ናት፤ እኔም ያው እዚያው እንደተቀመጥኩ ነኝ።

«አየሉ…» አልኩ።

«ወስኛለሁ» አለችኝ፤ ልትሰማኝ አልፈለገችም። «አልፈርምም፣ አልቃወምም። ተገኘ ቤት እሄዳለሁ። ቃለ ጉባኤውን ይዤ። ቁጥር 63 ምን እንደነበረበት እነግረዋለሁ፣ የኤፍሬምን ደም እነግረዋለሁ፣ ማን እንዳቃጠለው እነግረዋለሁ። በአማርኛ አይደለም የምነግረው። በእናቴ አፍ ነው፤ ማንም ‹በት› የማይጨምርበት።»

«ያባርሩሻል።»

«አውቃለሁ።» ተነሥታ ወረቀቶቹን ወደ ፋይሉ ከተተች። ማስጠንቀቂያውን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። «ውሻ ይዞ ከሆነስ የሚጠብቀኝ? ይዞ ይጠብቀኝ። ቢመታኝም እንኳ፣ አውቆ ይምታኝ።»

ከመናኸሪያው «ዳምቦያ! ዳምቦያ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፋይሏን በብብቷ ሸጎጠች።

«አየለች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያ ቃል…»

«ስመለስ» አለች፣ በሩ ላይ ሆና፣ ሳትዞር። መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። ረዳቱ ክንዷን ይዞ ሲያስገባት አየሁ፤ በሩ ተዘጋ። እኔ ከጁስ ቤቱ ወጥቼ መንገዱ ጠርዝ ስደርስ ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ቁልቁል ታጥፎ ነበር።